የአራዳው ተውኔትና የደራሲው ሰነዶች

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በአራዳ ከነበሩት ሆቴሎች አንዱ በሆነው በቴራስ ከታየው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሕይወት ዘመናቸው የመድፈኛ መኰንን፣ አገረ ገዥ፣ የገንዘብ ሚኒስትር፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አርቃቂና በጄኔቭ የአገራቸው ልዑክ ሆነው ሠርተዋል። ስለ ሹመታቸው የተጻፈው ወረቀት ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ተውኔት ጸሐፊ አሰኝቶ ስማቸውን ለትውልድ ያስተላለፈው ሥራ ግን እምብዛም ወረቀት አላስከተለም። የሰውየውን ዱካ የሚከታተል ሁሉ ከዚህ አለመመጣጠን ጋር መታገሉ አይቀርም።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ ሳያ ደብር በተባለው አገር ተወለዱ። በዘመኑ ካህኑ ሕፃኑን ያጠምቃል፣ የክርስትና ስም ያወጣል፣ የክርስትና አባትም ይቆማል፤ ዕለቱን በመዝገብ ማስፈር ግን የተለመደ አልነበረም። እንግሊዞች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየደብሩ እንዲመዘገብ በ1538 እ.ኤ.አ. ስለታዘዙ፣ የዊልያም ሼክስፒር ጥምቀት ኤፕሪል 26 ቀን 1564 እንደተፈጸመ ከስትራትፎርድ ደብር መዝገብ ላይ ዛሬም ይነበባል። በሸዋ የሰው ዕድሜ የሚቆጠረው በዘመቻና በረሃብ፣ በንጉሥ ንግሥና ሞት ነበር። አንድ ልጅ ከክፉ ቀን በፊት ወይስ በኋላ ተወለደ? በዓድዋ ዘመቻ ጊዜ ስንቅ ይሸከም ነበር ወይስ ገና ይድህ ነበር? የተክለ ሐዋርያትም የልደት ዓመት የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። በራስ መኰንን ቤት ያደጉት ልጅ በ1888 ዓ.ም ጦሩን ተከትለው ወደ ዓድዋ ሲወጡ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።

ከድሉ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘንድ ይታወቅ የነበረው ሩሲያዊ ኒኮላይ ሌኦንቲየፍ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁን ይዞ ሄደ። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ አደጉ፣ ሩሲያኛን እንደ ተወላጅ ተማሩ፣ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኝነት ትምህርት ጨርሰው በመኰንንነት ተመረቁ። ትምህርት ቤት የሚያስገባና ማዕረግ የሚሰጥ መንግሥት የሰዉን ስም ሳይጽፍ አያልፍምና፣ ሕይወታቸው ከወሬ ወደ ወረቀት የተሻገረው በባዕድ ምድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛቸው ብዙ ተረስቷቸው ስለነበር እንደገና መማር ነበረባቸው። የአገሪቱን የመጀመሪያ የአማርኛ ተውኔት የጻፈው ሰው ቋንቋውን ሁለት ጊዜ የለመደ መሆኑ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ብዙ ትኩረት ያላገኘ ነገር ነው።

ወደ አውሮፓ ደግመው ሄደው ከተመለሱ በኋላ ያገኟት አዲስ አበባ ፈጥና ትለወጥ ነበር። የከተማዋ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ በአራዳ ነበር። ዛሬ ምኒልክ አደባባይ በሚባለው ስፍራ ያኔ ሐውልት አልቆመም፤ በፈረስ ላይ ያለው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። በገበያው ዳርና ዳር የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዐረብ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተዋል፤ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል እንግዳ ይቀበላል፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በዚያው ገበያ ላይ አዋጅ በነጋሪት ይታወጃል፣ ወንጀለኛ በአደባባይ ይሰቀላል። የአራዳ ሰው ትርኢት አያውቅም ማለት አይቻልም። በጨለማ ቤት ተሰብስቦ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ የሌላ ሰው ፈጠራ ማየት ግን ለሆቴል ደንበኞችና ለውጭ አገር ሰዎች የተተወ ነገር ነበር።

ስለ ተውኔቱ አጻጻፍ በስፋት የሚተረከው ታሪክም ከዚሁ ሁኔታ ይነሣል። ተክለ ሐዋርያት «ቴአትር» ተብሎ ወደተጠራ ዝግጅት ይጋበዛሉ፤ ሄደው ሲያዩ ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ይሆንባቸዋል። በአውሮፓ መድረክ ያዩት ይህን አልነበረምና ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት ራሳቸው ብዕር አነሡ ይባላል። ለማስተማሪያ የመረጡት የእንስሳት ተረት ነው። ሰዎች አውሬ ሆነው ይናገራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይፈርዳሉ፤ ንግግራቸው በግጥም ነው። ዋናው መነሻ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በግጥም ያዘጋጃቸው ተረቶች ናቸው። በሩሲያ ያደገ ሰው ደግሞ ክሪሎቭን ሳያነብ አድጓል ማለት ይከብዳል፤ ክሪሎቭ የላ ፎንቴንን መንገድ ተከትሎ የሩሲያን ሹማምንት በእንስሳት አንደበት የሸነቆጠ ባለቅኔ ነበርና።

የአውሬ ተረት መምረጥ ብልሃት ነበረው። ለኢትዮጵያ ተመልካች ጅብና ቀበሮ፣ ጦጣና አንበሳ ሲነጋገሩ መስማት እንግዳ አይደለም፤ በምሽት እሳት ዳር ሲሰማው ያደገው ነው። እንግዳው ነገር ተረቱ ከአያት አፍ ወጥቶ መድረክ ላይ መቆሙ፣ ፍርደ ገምድሉ ዳኛና ጉቦኛው ሹም በአውሬ ቆዳ ተሸፍነው በመኳንንት ፊት መታየታቸው ነው። ጉቦ፣ የአስተዳደር ብልሹነትና ኋላ ቀርነት የተውኔቱ ዒላማዎች ነበሩ። ሊቅ በቅኔ ሰም ውስጥ ወርቁን እንደሚሸሽግ ሁሉ ደራሲው ትችታቸውን በተረቱ ውስጥ አኖሩት። ተመልካቹም ወርቁን ለማግኘት አልተቸገረም።

ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰው እገዳው ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን ከለከሉ፣ ክልከላውም ቴአትርን በጠቅላላ እስከ ንግሥናቸው ፍጻሜ አዳከመው የሚለው ትረካ በየጽሑፉ ይደጋገማል። ይህን ትረካ የሚመዝን ሰው የቤተ መንግሥቱን አሠራር ማስታወስ አለበት። በዚያ ዘመን የንጉሥ ቃል አብዛኛውን ጊዜ በሰው አፍ ይተላለፍ ነበር። «ይህ ነገር አይደገም» ተብሎ ለባለ ጉዳዩ በመልእክተኛ ሲነገረው ትእዛዙ ሙሉ ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት የግድ አያስፈልገውም። ስለዚህ እገዳው በጽሑፍ ትእዛዝ ሳይሆን በትረካ መታወቁ ብቻውን ሐሰት ነው አያሰኘውም። ከእገዳው ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው በውስጡ ያለው የጊዜ ምልክት ነው። ዘውዲቱ ዙፋን ላይ የወጡት ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም ሲወርዱ ነው፤ በየካቲት ወር በዚያው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ደፉ፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም ዐረፉ። ተውኔቱን የከለከሉት በንግሥትነት ሥልጣናቸው ከሆነ መታየቱም ከእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ሊወጣ አይችልም።

የዓመቱ ነገር ግን በጽሑፎች ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ 1913 ዓ.ምን፣ ማለትም 1921 እ.ኤ.አን ይመርጣሉ፤ ከዚያ ቀደም ያደረጉትም አሉ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ነው። «1912» የሚል ቁጥር ያለ ምልክት ከተጻፈ የኢትዮጵያው ዓመት ከሆነ በዘውዲቱ ዘመን ውስጥ ይወድቃል፤ የአውሮፓው ከሆነ ግን ወደ 1904 ወይም 1905 ዓ.ም ይመለሳል። ያኔ ምኒልክ በሕመም ተኝተው፣ ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ላይ ናቸው፤ ዘውዲቱ ንግሥት ስላልሆኑ የእገዳው ታሪክ በሙሉ ይፈርሳል። አንድ ጸሐፊ ከአማርኛ መጽሐፍ የቀዳውን ዓመት ሳይቀይር ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር፣ ሌላው ያንኑ ከእንግሊዝኛ መልሶ ሲተረጉም ስምንት ዓመት በቀላሉ ይጠፋል ወይም ይጨመራል።

ሌላም ችግር አለ። የዘመኑ ጽሑፍ ቀን የሚጽፈው በግእዝ ቁጥር ነው። ፲፱፻፲፪ን ከ፲፱፻፲፫ የሚለየው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ሲሆን፣ ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም ወረቀቱ ከታጠፈ ፪ና ፫ን፣ ፮ና ፯ን ለይቶ ማንበብ ያስቸግራል። በደብዳቤ ልማድ ደግሞ ዓመቱ ከደብዳቤው መጨረሻ፣ ከቦታው ስም ጋር ይሰፍራል፤ ወረቀት ሲያረጅ ቶሎ የሚጎዳው ጠርዙና ግርጌው ነው። በዚህ ጉዳይ ከቁጥር ይልቅ ማዕረግ የተሻለ ምስክር ይሆናል። ተክለ ሐዋርያት በ1920ዎቹ ሰነዶች ውስጥ «በጅሮንድ» ተብለው ይጠራሉ፤ በኋለኛው ዘመን መጠሪያቸው «ፊታውራሪ» ነው። ስለ ፋቡላ መታየት የሚናገር ጽሑፍ «ፊታውራሪ» ካላቸው የተጻፈው በዘመኑ ሳይሆን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዘመናዊቱ አዲስ አበባ አንድ ቴአትር ሲታይ ጋዜጣ ይዘግባል፤ ለፋቡላ ግን ጋዜጣው ዘገየበት። ምኒልክ ስም ያወጡለትና ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» እየተቋረጠ የሚታተም ነበር። በቋሚነት በየሳምንቱ የአዲስ አበባን ወሬ የያዘው «ብርሃንና ሰላም» የወጣው በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም ነው፤ ተውኔቱ በ1913 ዓ.ም ታየ ከተባለ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ። ተክለ ሐዋርያት ሥራቸውን ከአምስት ዓመት በኋላ አቅርበውት ቢሆን ኖሮ የተመልካቹ ስም፣ የመግቢያው ዋጋና የታዳሚው ሳቅ ሳይቀር ዛሬ በማኅደር ይገኝ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

የመንግሥት ሰው ሆነው ሲታዩ ነገሩ ሌላ ነው። በጨርጨር አገረ ገዥነታቸው ከሚነሡት ሥራዎቻቸው አንዱ ዛሬ ጭሮ የተባለችው የአሰበ ተፈሪ ከተማ አቆራቆር ነው። በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የተፈረመውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርገዋል፤ ለመኳንንቱ ጉባኤ ሕጉን ያብራሩበት ረጅም ንግግርም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» መጽሐፋቸው ውስጥ አስፍረውታል። በዚያ ንግግር የሚሰማው ድምፅ የተማረ፣ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ፣ ለአድማጩ የሚያዝን መምህር ድምፅ ነው። ተረትን ለትምህርት ያዋለው ደራሲና ሕግን በምሳሌ የሚያብራራው ሚኒስትር አንድ ሰው መሆናቸው ከዚያ ላይ ይታያል። ነገር ግን በንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ያገኘው የገንዘብ ሚኒስትሩ ነው።

የጄኔቩ ማኅደር ከዚህም ይበልጣል። ወልወል ላይ በኅዳር 1927 ዓ.ም ከኢጣሊያ ጋር ግጭት ከተነሣ በኋላ ተክለ ሐዋርያት የኢትዮጵያን አቤቱታ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ከሚያቀርቡት ልዑካን አንዱ ነበሩ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ ለኢትዮጵያ ሲከራከር የኢጣሊያ ልዑካን ስብሰባውን ጥለው የወጡበት የነሐሴ መጨረሻ ሰሞን ውሎ በዓለም ጋዜጦች ተሠራጭቷል። ማኅበሩ ቃለ ጉባኤውን፣ ደብዳቤውንና ቴሌግራሙን ጠብቆ አኑሯል። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ስማቸውን በላቲን ፊደል እንደየጆሯቸው ስለጻፉት አንድ ሰው በካታሎግ ውስጥ እንደ ሁለት ሦስት ሰው ሊቆጠር ይችላል፤ ተመራማሪ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ነው።

በአዲስ አበባ በኩል የሰነዱ ዕጣ የከፋ ሆነ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲወጡ ከተማዋ ተዘረፈች፤ የአራዳ ሱቆችና ሆቴሎች ተቃጠሉ። ኢጣሊያኖች የምኒልክን ሐውልት ከአደባባዩ አንሥተው ሰወሩት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ጭፍጨፋ በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም የእሳት ጉዳት ደረሰበት። ሱቅ የሂሳብ ደብተሩን፣ ሆቴል የእንግዳ መዝገቡን፣ ሰው የቤቱን ደብዳቤ ያጣው በእነዚያ ወራት ነው። ተክለ ሐዋርያት ራሳቸውም ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ለረጅም ዓመታት በስደት ኖሩ፤ ጅቡቲ፣ ኤደን፣ ኬንያና ማዳጋስካር በስደት ሕይወታቸው ውስጥ የሚጠሩ ስፍራዎች ናቸው። ስሙ በአደባባይ እንዳይነሣ የተደረገ ሰው ባይሆኑም በአገር ውስጥ ሆኖ ዝናን የሚያድስ ሰው አልነበሩም።

የሌላው ተውኔት ጸሐፊ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ዕጣ ተቃራኒው ነው። ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ ቅኔ ተምረው፣ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ናቸው። ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ወዲህ ቴአትር እንደገና ሲፈቀድ በተማሪዎች መድረክ ላይ ተውኔት ካቀረቡት ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ ነበሩ። የኬቮርክ ናልባንዲያንን ዜማ ለያዘው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የእሳቸው መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ዕድል ሆነና የጻፉት ጋዜጣና ማተሚያ ቤት ባለበት ዘመን ነው፤ ግጥማቸውና ስማቸው በ«ብርሃንና ሰላም» ላይ ይነበባል። ወደ ሱዳን ተሰደው፣ ከድል በኋላ ተመልሰው፣ በ1939 ዓ.ም ዐረፉ። ከፍተኛ ሥልጣን ስላልነበራቸው የጄኔቭ ማኅደር አያውቃቸውም። ስለ ሥራዎቻቸው ሊታወቅ የቻለው አብዛኛው ነገር ግን በአንድ ሰው ድካም ተሰብስቧል፤ ባለቅኔውና መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ የሕይወታቸውንና የጽሑፋቸውን ታሪክ ጻፉ፣ ጥናቱም ዮሐንስ ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በወንድማቸው በዮናስ አድማሱ አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ።

ከምኒልክ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሀገር ፍቅር ለተውኔት ዝና ሌላ መሠረት ጣለ። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም፣ የኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ፣ ሕዝብን ለመቀስቀስ በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት ተመሠረተ፤ ከነጻነት በኋላ ቴአትር ቤት ሆነ። ቴአትር የሆቴል እንግዳ መዝናኛ ከመሆን ወጥቶ ቋሚ ቤትና ተመልካች ሲያገኝ «ይህ ነገር በማን ተጀመረ?» የሚለው ጥያቄም ተነሣ። የፋቡላ ደራሲ እንደ መጀመሪያ የተቆጠሩት ከዚህ በኋላ፣ ወደ ኋላ በመመልከት ነው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ መጀመሪያ «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ማሳተማቸውም የአባትየውን ስም በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ሕያው እንዳደረገው አያጠራጥርም።

የተማረው ዓለም ትኩረት ከዚያ ቀጠለ። በ1936 ዓ.ም የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና በ1955 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተበተነውን ወረቀት የሚሰበስብ ቤት ሆኑ። ኖርዌያዊው ሬይዱልፍ ሞልቬር ስለ አማርኛ ደራስያን ሕይወት፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ደግሞ ስለ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን ባዘጋጁት ጥናት ተክለ ሐዋርያት ጉልህ ስፍራ አላቸው። የሁለቱ ዐይን ግን የተለያየ ነው። አንዱ ደራሲውን ፈልጎ ሚኒስትሩን ያገኛል፤ ሌላው ለውጥ ፈላጊውን ፈልጎ በመንገዱ ተውኔቱን ያገኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈትም ፋቡላ የታሪኩ ትምህርት መነሻ ሆነ።

ተክለ ሐዋርያት የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት በአብዛኛው በጨርጨር፣ በሒርና በነበራቸው እርሻ ላይ ሲሆን ያረፉት በ1969 ዓ.ም ነው። በእጃቸው የጻፉት «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲወጣ ከሳያ ደብር እስከ ሩሲያ ያለው ልጅነት በባለቤቱ አንደበት ሊነበብ ቻለ። የግለ ታሪክ ጥቅምና ችግር ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ሽማግሌ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ የቀኑን ቁጥር ሊስት ይችላል፤ ያን ቀን ምን እንደተሰማው ግን ከእሱ በቀር የሚነግር የለም። መጽሐፉ ከጄኔቭ ቃለ ጉባኤና ከንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ የሰውየው መልክ ይሟላል፤ በተለይ ከገዥዎች ጋር የነበረው ቅሬታ ከመንግሥት ወረቀት ላይ የማይገኝ ነው።

ቦታውን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ዛሬ ከወረቀት ላይ ብቻ ወደሚፈለግበት ደረጃ ደርሷል። በ2016 ዓ.ም ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በፒያሳ ብዙ ነባር ቤቶች ፈረሱ። የድሮው አራዳ ሆቴሎችና መድረኮች የት እንደነበሩ ለማወቅ የሚፈልግ አጥኚ ከእንግዲህ የሚጠይቀው ግድግዳውን ሳይሆን የድሮ ካርታን፣ የንግድ ማስታወቂያን፣ የፖስታ ካርድ ፎቶግራፍንና የቦታ ካርኒን ነው።